ከወሊድ በኋላ አራስን የሚጥለው ሕመም

ልጅ ተወልዶ እልል ከተባለ በኋላ የእናቲቱ ፈተና እንዳበቃ አድርጎ መገመት በየአገሩ የተለመደ ነው። ነገር ግን በወለደች በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን አራሷ ራሷን በብርቱ ታምማ፥ ዓይኗም ፈዞ፥ በድንገት ወድቃ የምትንዘፈዘፍበት ጊዜ አለ። ቤተ ሰቡም ነገሩን የዛር ወይም የቡዳ ሥራ ነው ብሎ ሲመካከር ውድ ሰዓት ያልፋል።

ሐኪሞች ኤክላምፕሲያ የሚሉት ይህ ሕመም በእርግዝና ምክንያት ከሚመጣ የደም ግፊት ጋር የተያያዘ ነው። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ከአንጎል ቀጫጭን የደም ሥሮች ፈሳሽ ይሾልካል፤ አንጎልም ያብጣል፤ መንዘፍዘፉም ይከተላል። ከወሊድ በኋላ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በ48 ሰዓት ውስጥ ይታያል፤ ሆኖም እስከ 6 ሳምንት ሊዘገይ ይችላል። የአንጎል ወባና በአንጎል ሥር የሚረጋ ደምም ይህንኑ ምልክት ስለሚያሳዩ ለይቶ ማወቁ የሐኪም ፈንታ ነው።

የኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ታስተምረናለች። ዶክተር አልበርት ኩክ በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. የሜንጎን ሆስፒታል በዚያ አቋቋሙ፤ ባለቤታቸው ካትሪን ኩክም የአገሩን ሴቶች ልጆች አዋላጅነት እንዲማሩ አደረጉ። ኋላም ኡጋንዳ ከሌሎች አገሮች ጋር ሆና በ1,687 ታማሚዎች ላይ በተደረገ ምርመራ ተካፈለች። በ1995 ዓ.ም. የታተመው ውጤት እንዳስረዳው፥ ማግኒዚየም ሰልፌት በተሰጣቸው ሴቶች ላይ ሕመሙ የተመለሰው ዲያዜፓም በተሰጣቸው ላይ ከተመለሰው በግማሽ ያህል ያነሰ ነበር። ይህ መድኃኒት ኢጣልያኖች የእንግሊዝ ጨው ከሚሉት ጋር በባሕርዩ አንድ ሲሆን፥ ዋጋውም ርካሽ ነው። ነገር ግን በመርፌ የሚሰጠው ለሕክምና የተዘጋጀው ብቻ ስለ ሆነ፥ የሚሰጠውም የተማረ ሰው መሆን አለበት።

እንግዲህ መድኃኒቱ ከታወቀ ቆይቷል። ሆኖም ዛሬም በካምፓላ የካዌምፔ ሆስፒታል ከሌላ ጤና ጣቢያ ተልከው የሚደርሱ ታማሚዎች አሉ፤ በመንገድ የጠፋውን ሰዓት ደግሞ መድኃኒት አይመልሰውም። ስለዚህ አስተዳዳሪው በየጤና ጣቢያው የግፊት መለኪያና መድኃኒቱ መኖራቸውን ይቈጣጠር፤ መኪና ያለው ነጋዴም አራስ ወደቀች ሲባል ሌሊትም ቢሆን መኪናውን አይከልክል። ቤተ ሰቡም ከወሊድ በኋላ ብርቱ የራስ ምታትን እንደ ተራ ድካም አይቍጠረው።