ችሎታው የልጁ፣ መብቱ የክለቡ

የአንድ ዕቃ ዋጋ የሚወሰነው በአቅርቦትና በፍላጎት ነው ይባላል። የሰው ችሎታ ለገበያ ሲቀርብ ግን አንድ ሦስተኛ ነገር ይጨመርበታል፤ ይኸውም ማን ከማን ጋር እንዲደራደር የተፈቀደለት መሆኑ ነው። ይህን ቁልጭ አድርገው ከሚያሳዩ ገበያዎች አንዱ፣ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ የሆነው የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ነው።

ለአብነት የኮኖር ማክዴቪድን ጉዞ እንመልከት። ማክዴቪድ እ.ኤ.አ. በጥር 1997 ከቶሮንቶ በስተሰሜን በምትገኘው ሪችመንድ ሂል የተወለደ አጥቂ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በካናዳ አንድ ወጣት ወደ ትልቁ የጁኒየር ሊግ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በ16 ዓመቱ ነው። ማክዴቪድ ግን በ2012 ልዩ ተሰጥዖ እንዳለው ታምኖበት በ15 ዓመቱ እንዲገባ ተፈቀደለት። በኦንታሪዮ ሆኪ ሊግ ከእርሱ በፊት ይህን ፈቃድ ያገኙት ጆን ታቫሬስ (2005) እና አሮን ኤክብላድ (2011) ብቻ ነበሩ።

ይሁንና የሚጫወትበትን ክለብ የመረጠው እርሱ አይደለም። ክለቦች ወጣቶችን በየተራ የሚመርጡበት ድራፍት የሚባል ሥርዓት አለ። በዚሁ ሥርዓት፣ መቀመጫው በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ የሆነው ኢሪ ኦተርስ በአንደኛ ተራ ወሰደው።

ያለ ደመወዝ የሚገኝ ዕድገት

በሆኪ ጎል ያገባም ሆነ ለጎል ያቀበለ ተጫዋች አንዳንድ ነጥብ ይመዘገብለታል። ማክዴቪድ በመጀመሪያው ዓመት በ63 ጨዋታዎች 66 ነጥብ አገኘ። በሁለተኛው በ56 ጨዋታዎች 99፣ በሦስተኛው ደግሞ በ47 ጨዋታዎች 120 ነጥብ አስመዘገበ። በአንድ ጨዋታ ሲሰላ ከ1 ነጥብ ተነስቶ ወደ ሁለት ተኩል ደርሷል ማለት ነው። ምርታማነቱ በሦስት የውድድር ዘመን ከእጥፍ በላይ አድጓል።

ገቢውስ? የጁኒየር ክለቦች ትኬት ይሸጣሉ፤ የስፖንሰር ገንዘብም ይቀበላሉ። ተጫዋቾቹ የሚያገኙት ግን ማደሪያ፣ ምግብ፣ ለኪስ የሚሆን አበልና የትምህርት ድጋፍ ነው። በ2014 የቀድሞ ተጫዋቾች ሠራተኞች ስለነበርን ዝቅተኛው የደመወዝ መጠን ይገባን ነበር ሲሉ ክስ መሥርተዋል። ሊጎቹ በበኩላቸው ልጆቹ ሠራተኞች ሳይሆኑ ስፖርተኛ ተማሪዎች ናቸው ሲሉ ተከራክረዋል።

ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። ክለቡ ያሠለጥናል፣ ያስተምራል፣ በተመልካች ፊት ያቆማል። ከሚያሠለጥናቸው ውስጥ ወደ ትልቁ ሊግ የሚያልፉት ግን ጥቂቶች ናቸው። ናሽናል ሆኪ ሊግ (ኤን.ኤች.ኤል) ዛሬ 32 ክለቦች ሲኖሩት፣ በየዓመቱ በሰባት ዙር የሚመረጡት ወጣቶች 224 ገደማ ናቸው። መመረጥም ለመጫወት ዋስትና አይደለም።

ዕጣ የወሰነው መዳረሻ

በ2015 ድራፍት ማክዴቪድ አንደኛ እንደሚመረጥ የተጠራጠረ አልነበረም። የማይታወቀው የሚመርጠው ክለብ ነበር። ደካማ ክለቦች እንዲጠናከሩ ሲባል አንደኛው ተራ የሚሰጠው በዕጣ ነው። የመጨረሻ የወጣው ቡፋሎ 20 በመቶ ዕድል ነበረው። ኤድመንተን ኦይለርስ በ11.5 በመቶ ዕድል ዕጣው ወጣለት፤ የተጫዋቹም መብት የእርሱ ሆነ። ሌላ የሊጉ ክለብ የተሻለ ገንዘብ ላቅርብ ቢል እንኳ አይፈቀድለትም ነበር። በኢኮኖሚክስ ትምህርት ይህ የአንድ ገዢ ገበያ ይባላል።

አንድ ገዢ ብቻ ባለበት ደግሞ ዋጋው በጣሪያ ተገድቧል። በዚያ ወቅት በነበረው ደንብ የጀማሪ ውል ለሦስት ዓመት ሲሆን፣ ከፍተኛው ደመወዝ በዓመት 925 ሺህ ዶላር ነበር። ለውጤት የሚከፈል ጉርሻ ሲታከልበት ቢበዛ 3.775 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል።

ዝግጁ ያልሆነ የ18 ዓመት ወጣት ሌላም ችግር ይገጥመው ነበር። ለብዙ ዓመታት በቆየው ስምምነት መሠረት ከካናዳ ጁኒየር ሊግ የመጣ ተጫዋች 20 ዓመት ሳይሞላው ትልቁ ሊግ ካልያዘው የሚመለሰው ወደ ጁኒየር ክለቡ እንጂ መካከለኛ ደረጃ ላይ ወዳለው የአሜሪካ ሆኪ ሊግ አይደለም። ክለቦችም ስሌት አላቸው፤ ወጣቱ አሥረኛ ጨዋታውን ካልተጫወተ የውሉ የመጀመሪያ ዓመት አይቆጠርበትም። ርካሹ ውል ለአንድ ዓመት ተገፋ ማለት ነው።

ማክዴቪድ በቀጥታ ተሰለፈ። ነገር ግን በኅዳር 2015 አንገቱ ሥር ያለው አጥንት ተሰብሮ 37 ጨዋታዎች አመለጡት። የዚህ ገበያ ትልቁ ስጋት እዚህ ላይ ነው። ተጫዋቹ ዋጋው ዝቅ ተደርጎ ባለበት ዘመን አካሉ ቢጎዳ የጠበቀው ገንዘብ ሳይደርሰው ሊቀር ይችላል።

እርሱ ግን ዳነ። በ19 ዓመቱ በሊጉ ታሪክ ወጣቱ አምበል ሆነ፤ በ2016-17 የውድድር ዘመንም 100 ነጥብ አስመዝግቦ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በሐምሌ 2017 ለስምንት ዓመት የ100 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። በዓመት 12.5 ሚሊዮን ማለት ነው። ይሁን እንጂ ከፍተኛ ኮከብ ሆኖም የጀማሪ ውሉ እስኪያልቅ አንድ ዓመት በቀድሞው ክፍያ ተጫውቷል። በአንድ ዓመት ልዩነት ደመወዙን ያሻቀበው ችሎታው ብቻ አልነበረም፤ የመደራደር መብቱም ጭምር ነው።

ሁለተኛ ገዢ ሲመጣ

ለታዳጊዎቹ ትልቁ ለውጥ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቀደም ሲል በካናዳ ጁኒየር ሊግ የተጫወተ ወጣት እንደ ፕሮፌሽናል ስለሚቆጠር የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ተዘግቶበት ነበር። በኅዳር 2024 የዩኒቨርሲቲዎቹ የስፖርት ማኅበር ይህን ክልከላ ከነሐሴ 2025 ጀምሮ እንዲነሣ ወሰነ። የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርተኞች ደግሞ ከ2021 ወዲህ በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ይችላሉ።

ውጤቱ ለመታየት ጊዜ አልወሰደበትም። በ2024-25 ለሜዲሲን ሃት ታይገርስ በ56 ጨዋታዎች 129 ነጥብ ያስመዘገበው አጥቂ ጋቪን ማኬና፣ በሐምሌ 2025 ወደ ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ መሄዱን አስታወቀ። ማክዴቪድ በዚያው ዕድሜው ይህ ምርጫ አልነበረውም።

ለጁኒየር ክለቦች ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በ16 ዓመቱ ተቀብለው ያሳደጉት ልጅ ትኬት ማሸጥ በሚጀምርበት ዕድሜ ሊሄድባቸው ነው። ለወጣቱ ግን ትርፉ ግልጽ ነው። ፔን ስቴት ባይሄድ እንኳ መሄድ የሚችል መሆኑ ብቻ ክለቡ የሚያቀርብለትን ያሻሽለዋል። ገበሬውም ሆነ አጥቂው ዋጋ የሚጠይቀው፣ እህሉን መልሶ ጭኖ ወደ ሌላ ገበያ መሄድ ሲችል ነው።