የመደበኛ ስልክ ማዞሪያ አሠራር

የመደበኛ ስልክ ሥርዓት ዋናው ክፍል በየቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሚታየው መሣሪያ ሳይሆን ተነጋጋሪዎቹ የማያዩት ማዞሪያ ጣቢያ ነው። 100 ደንበኞች እርስ በርስ በቀጥታ እንዲገናኙ ቢፈለግ 4,950 መስመሮች መዘርጋት ግድ ይሆን ነበር፤ ሁሉም ወደ አንድ ማዕከል ከተሳቡ ግን 100 መስመሮች ይበቃሉ። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የስልክን የፈጠራ መብት ካስመዘገበ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1878፣ በአሜሪካ ኒው ሄቨን ከተማ ማዞሪያ ለንግድ አገልግሎት መዋሉም ለዚህ ነው።

ከደንበኛው ቤት እስከ ጣቢያው የሚዘልቀው መስመር ጥንድ የመዳብ ሽቦ ሲሆን፣ 48 ቮልት ያህል ኃይል የሚያገኘው ከጣቢያው ባትሪዎች በመሆኑ የመንደሩ መብራት ቢጠፋም ስልኩ ይሠራል። እጀታው በቦታው ሳለ የኤሌክትሪክ ዑደቱ የተቋረጠ ነው፤ ሲነሣ ግን ዑደቱ ይገጥምና ኤሌክትሪክ መፍሰስ ይጀምራል፣ ጣቢያውም ከዚህ ተነሥቶ ደንበኛው መደወል እንደፈለገ ስለሚረዳ ቁጥር እንዲመታ የሚጋብዘውን ያልተቆራረጠ ድምፅ ይልክለታል።

በመጀመሪያ መስመሮቹን በእጃቸው የሚያገናኙት የማዞሪያ ሠራተኞች ነበሩ። ይህን ሥራ ለማሽን የሰጠው በካንሳስ ሲቲ የቀብር አስፈጻሚ የነበረው አልመን ስትሮውጀር ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1891 አግኝቶ በተከታዩ ዓመት የመጀመሪያው አውቶማቲክ ጣቢያ በኢንዲያና ግዛት ላ ፖርት ከተማ ተከፈተ። በኋላ በተሟላው ቅርጹ፣ ደዋዩ ክቡን መደወያ አዙሮ ሲለቀው፣ መደወያው በስፕሪንግ ኃይል እየተመለሰ ዑደቱን በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል በሚደርስ ፍጥነት ይቆራርጠዋል፤ 2 ሲመታ ሁለት ጊዜ፣ 0 ሲመታ ደግሞ አሥር ጊዜ ማለት ነው። 2634 ቢደወል፣ መራጭ የሚባለው የመጀመሪያው መሣሪያ ዘንጉን በኤሌክትሮማግኔት ሁለት እርከን ወደ ላይ ያነሣና በዚያ እርከን ካሉት አሥር መገናኛዎች ያልተያዘውን ራሱ እየዞረ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው መራጭ በ6 ስድስት እርከን ወጥቶ ያንኑ ይደግማል፤ የመጨረሻው መሣሪያ ግን በ3 ሦስት እርከን ወጥቶ በ4 አራት ጊዜ ወደ ጎን ከተራመደ በኋላ ከተፈላጊው መስመር ጋር ይገናኛል። ከዚያም የተጠሪው ደወል ይጮኻል፤ የተከፈተው መንገድም ጨዋታው እስኪያበቃ ድረስ ለሁለቱ ብቻ የተያዘ ይሆናል።

ደንበኞች ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለማይነጋገሩ የመራጮቹ ቁጥር ከደንበኞቹ ያነሰ ነው፤ ምን ያህል እንደሚበቃ የሚያሳየውን የዕድል ስሌት መሠረት የጣለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1909 ጥናቱን ያሳተመው የኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ ባልደረባ፣ ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ አግነር ክራሩፕ ኧርላንግ ነው። የስልክ ጥሪ መጠን መለኪያም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ኋላ የመጣው ዲጂታል ማዞሪያ ድምፅን በሰከንድ 8,000 ጊዜ እየለካ፣ እያንዳንዱን ልኬት በ8 ቢት ይመዘግባል፤ ስለዚህ በዘንግ ፋንታ የሚንቀሳቀሰው በሰከንድ 64,000 ቢት የሚፈስ ቁጥር ነው። መሣሪያው ቢለወጥም መርሁ አልተለወጠም። ስልክ ከጥቂት ባለጸጎች ቤት ወጥቶ ለሕዝብ የደረሰው ብዙዎች ጥቂት መሣሪያዎችን እየተፈራረቁ እንዲጠቀሙ ባስቻለው በዚህ ጥበብ ነውና፣ የስልክን ታሪክ የሚያጠና ሁሉ ከቤል ጎን ስትሮውጀርንና ኧርላንግን ሊያውቃቸው ይገባል።