የንባብ ዝርዝሩ ወደ መደርደሪያው የሚደርስበት መንገድ

የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ለመምህራን ከሚሰጣቸው አገልግሎቶች ሁሉ ጥቅሙ ቶሎ የሚታየው፣ ሲዘገይም ብዙ ጉዳት የሚያስከትለው፣ የንባብ ዝርዝርን ተቀብሎ መጻሕፍቱን ለአጭር ጊዜ ውሰት ማዘጋጀት ነው። በተለምዶ ሪዘርቭ የሚባለው ይህ ውሰት፣ ቅጂው ጥቂት ሆኖ ፈላጊው የበዛን መጽሐፍ ከተራው መደርደሪያ አንሥቶ ከውሰት ዴስኩ ጀርባ በማኖር፣ ተማሪው መታወቂያውን አስይዞ እዚያው ለተወሰኑ ሰዓታት አንብቦ እንዲመልስ የሚያደርግ አሠራር ነው። ይሁንና ቤተ መጻሕፍቱ ይህን መፈጸም የሚችለው መምህሩ የትኛውን መጽሐፍ፣ የትኛውንስ ምዕራፍ፣ በየትኛው ሳምንት ለማስነበብ እንዳሰበ ሴሚስተሩ ከመጀመሩ በፊት ሲያውቅ ብቻ ነው።

ኮርስ አውትላይኑ፣ ማለትም የትምህርቱን ይዘትና ማጣቀሻዎች የያዘው ሰነድ፣ አንድ ቅጂው በዲፓርትመንቱ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፤ ሌላው በክፍል ተጠሪው በኩል ለተማሪዎች በቴሌግራም ይበተናል፤ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ግን ብዙውን ጊዜ አይደርስም። የዚህ ውጤት በሚድ ፈተና ሰሞን ይታያል። መጽሐፉን ቀድሞ ያገኘው ተማሪ ወደ ዶርም ይዞት ይሄዳል፣ ሌሎቹ ዴስኩ ፊት ተሰልፈው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ፣ መጽሐፉ በመጨረሻ ሲመለስም ጥራዙ ላልቶ፣ ከመካከሉ ገጾች ተቀደው ይገኛል። የተቀደዱት ገጾች ለንባብ ከተመደበው ምዕራፍ በመሆናቸው፣ መምህሩ ምን አዝዞ እንደነበር ለቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ የሚነግሩት እነዚያ የጎደሉ ገጾች ይሆናሉ። ዝርዝሩ ቀድሞ ቢደርስ ኖሮ ባለሙያው ያሉትን ቅጂዎች ከየቅርንጫፉ ሰብስቦ፣ የቀድሞ እትም ምትክ ይሆን እንደሆነ መምህሩን ጠይቆ፣ ቅጂና ተዛማጅ መብቶችን ለመጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለቤተ መጻሕፍትና ለማስተማር በፈቀደው ልክ ምዕራፉን አባዝቶ ሊያቀርብ ይችል ነበር። መምህሩ ራሱ በረጅም ውሰት የወሰደው ብቸኛ ቅጂ ዓመቱን ሙሉ በቢሮው የሚቀመጥበት ጊዜም አለ። መምህርን ከቤተ መጻሕፍት ጋር የሚያገናኘው ጉዳይ የሥራ መልቀቂያ ክሊራንስ ብቻ ሲሆን ማየት በእርግጥ ያሳዝናል።

ከወረቀቱ ክምችት ባሻገር ያለው አገልግሎት ይበልጥ ሰፊ ቢሆንም ይበልጥ የተዘነጋ ነው። ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚል የጋራ ስም የሚታወቁት ፕሮግራሞች፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2002 በዓለም ጤና ድርጅት መሪነት የተጀመረው የጤናው ሂናሪ፣ በ2003 የተከተለው የግብርናው አጎራ፣ እንዲሁም በኋላ የተጨመሩት የአካባቢ፣ የቴክኖሎጂና የሕግ ዘርፎች፣ አሳታሚዎች በከፍተኛ ዋጋ የሚሸጧቸውን ጆርናሎች አነስተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ተቋማት በነፃ ወይም በዝቅተኛ ክፍያ ያቀርባሉ፤ ኢትዮጵያም በነፃ ከሚያገኙት አገሮች አንዷ ናት። የመግቢያው ስምና የይለፍ ቃል የሚሰጠው ለተቋሙ በመሆኑ፣ ተቋሙ ተመዝግቦ ከሆነ መምህሩ ከቤተ መጻሕፍቱ ሊያገኘው ሲችል፣ ለአንድ ጽሑፍ ውጭ አገር ያለ ወዳጁን የሚማጸን ወይም የጽሑፉን አጭር መግለጫ ብቻ አንብቦ የሚጠቅስ ጥቂት አይደለም።

የካታሎጉ ነገር ደግሞ ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው። ካታሎግ፣ ማለትም በቤተ መጻሕፍቱ ያለው ሁሉ በደራሲ፣ በርዕስና በርዕሰ ጉዳይ የተመዘገበበት መዝገብ፣ በኮምፒውተር ሲፈለግ የሚያነጻጽረው ፊደልን ከፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር በሚታወቁበት የጋራ ሥርዓት፣ ሲካተት ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸው መለያ ስለተሰጣቸው፣ ለአማርኛ አንባቢ ጆሮ አንድ የሆነው ለማሽኑ ሦስት ነው። «ሥነ ጽሑፍ» የሚለው ርዕስ በሥ ወይም በስ፣ በጽ ወይም በፅ፣ በሑ፣ በሁ ወይም በኁ፣ እንዲሁም ተለያይቶ ወይም ተያይዞ ሊጻፍ ስለሚችል 24 መልኮች ሊኖሩት ይችላሉ፤ ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ እንዲያነብ ያልተስተካከለ ካታሎግም ከእነዚህ አንዱን ብቻ አይቶ «የለም» ይላል። ስለዚህ መምህሩ ተማሪውን ወደ አማርኛ መጻሕፍት ሲልክ ርዕሱን በመጽሐፉ ሽፋን ላይ በታተመበት ፊደል መጻፉ፣ ባለሙያው ደግሞ በመዝገቡ ውስጥ ሌሎቹን አጻጻፎች እንደ ተለዋጭ መግቢያ ማስገባቱ፣ ጥቃቅን ቢመስልም ያለው መጽሐፍ እንደሌለ እንዳይቆጠር የሚያደርግ ሥራ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፎችን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አገር አቀፍ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ውጤት ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ስለሚጠይቅ፣ አማካሪ መምህራን የመጨረሻውን የታረመ ቅጂ ከተማሪዎቻቸው አስልከው በዩኒቨርሲቲው ዲጂታል ማከማቻ እንዲገባ ማድረጋቸው ግዴታቸው ነው ማለት ይቻላል።

ማከማቻው ውስጥ የገባ ሥራ ግን ባለቤቱ ካልታወቀ ዋጋው ይቀንሳል። በኢትዮጵያ የቤተሰብ ስም የሚባል ልማድ ስለሌለ፣ የአገር ውስጥ ካታሎግ ደራሲውን በራሱ ስም ጀምሮ ሲመዘግብ፣ የውጭ ጆርናሎች የአባቱን ስም አስቀድመው የራሱን በአንድ ፊደል ያሳጥሩታል፤ በዚህም ላይ ፀሐይ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በተለያየ መልክ ሲጻፍ የአንድ መምህር ሥራዎች ለሁለትና ለሦስት ሰዎች ይበተናሉ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በነፃ የሚሰጠው ኦርኪድ የተባለው ባለ 16 አኃዝ የተመራማሪ መለያ፣ ስሙ በየትኛውም መልክ ቢጻፍ፣ ሥራዎቹን በአንድ ሰው ሥር ለማሰባሰብ ያስችላል፤ ምዝገባው ከጥቂት ደቂቃዎች ስለማይበልጥም አዲስ መምህር የቤተ መጻሕፍት መታወቂያ ሊያወጣ በሚመጣበት ዕለት፣ እዚያው ዴስክ ላይ በባለሙያው እየታገዘ ሊጨርሰው ይችላል።