ወፍ ቆጠራ፦ የሥራ ፈት ሥራ ወይስ አማና?

ሕዝብ ሲቆጠር የሚገረም የለም፤ ከብትም ይቆጠራል፣ ንብረትም ይቆጠራል። አንድ ወጣት «ወፍ ልቆጥር ነው» ሲል ግን ብዙዎቻችን ፈገግ እንላለን። ወላጅም «ሥራ አጣህ እንዴ?» ይላል። እኛም በመምህርነታችን ይህን ደጋግመን ስለሰማን ነገሩን ቀረብ ብለን ልናየው ወደድን።

እንደሚታወቀው በአውሮፓና በእስያ ብርዱ ሲበረታ እጅግ ብዙ ወፎች ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ይመጣሉ። እነዚህን የሚመዘግበው ዓለም አቀፍ የውኃ ወፎች ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ1967 ተጀመረ። በአፍሪካም በየዓመቱ በጥር ወር አካባቢ ይካሄዳል። አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በአገራችን በዚህ ሥራ ከሚታወቁት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ነው።

ታዲያ ቁጥሩ ምን ይጠቅማል? አብያታንና ሻላን እንመልከት። ነጫጭ ፔሊካኖች ጎጆ ይሠሩ የነበረው በሻላ ደሴቶች ላይ ሲሆን፣ ዓሣ የሚያጠምዱት ግን በጎረቤቱ በአብያታ ነበር። ውኃው ለመስኖና ለሶዳ አሽ ምርት ሲቀዳ አብያታ ሸሸ፤ ጨዋማነቱ በረታ፤ ዓሣው አለቀ፤ የፔሊካኖቹም ማዕድ ታጠፈ። ዓሣ የማይሹት ፍላሚንጎዎች ግን በዳርቻው መታየታቸውን ቀጠሉ። «ወፉማ ሞልቷል» ብሎ የሚያልፍ መንገደኛ ይህን ለውጥ አያስተውልም። በየዓይነቱና በየዓመቱ የቆጠረ ሰው ግን የሐይቁን ሕመም ቀድሞ ያውቃል። ወፉን ያጣ ሐይቅ ነገ ዓሣ አጥማጁንና ከብት አርቢውንም ያጣል።

እ.ኤ.አ. በ1971 በኢራን፣ በራምሳር ከተማ የተፈረመው ስምምነትም 20,000 ወይም ከዚያ በላይ የውኃ ወፎች ዘወትር የሚሰፍሩበትን ረግረግ ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ያለው ብሎ ያያል። ያልተቆጠረ ሐይቅ ግን ማን ይመሰክርለታል?

አቆጣጠሩ ከባድ አይደለም። ከሱብሒ ሰላት በኋላ ተነሥቶ፣ ፀሐይን በጀርባ አድርጎ መቆም ነው። መንጋው ብዙ ሲሆን አሥሩን ወይም መቶውን አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ ያን የሚያክል ስንት ቡድን እንዳለ መገመት ይቻላል። «ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል» እንዲሉ፣ ዓይን የሳተውን ጆሮ ይለየዋል። ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፋል። ወደ ጎጆ መጠጋትና ወፎቹን ማስበርገግ ግን ነውር ነው።

ከሁሉ የሚከብደው እውነተኛነቱ ነው። ቁጥር አማና ነው። ያላዩትን መጻፍ፣ ወይም መዝገቡ እንዲያምር ጨምሮ መጻፍ የውሸት ምስክርነት ነው። ያልለዩትን ዳክዬ «አልለየሁትም» ብሎ መመዝገብ ያስከብራል እንጂ አያሳፍርም። ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው በመንደራችን «ወፍ የለም!» ይላል። ለቆጣሪ ግን ወፍ የለም ማለትም መረጃ ነው፤ ዜሮውን ይጽፈዋል።

ውድ ወላጆች፣ ልጆቻችሁን አትከልክሏቸው። እናንተም ወጣቶች፣ ሐይቅ ከሌለ ከሰፈራችሁ ኩሬ ወይም ወንዝ ጀምሩ። አንድ ደብተር ያዙ፤ በየወሩ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት እዚያው ቦታ ቁሙ፤ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ። ከዓመት በኋላ ያ ደብተር ከእናንተ በቀር ማንም የማያውቀውን ይናገራል።