አሚኖ አሲድ በአንጀትና በኩላሊት ሕዋሳት የሚተላለፍበት ሥርዓት

በምንበላው ሥጋም ሆነ ሽሮ ውስጥ ያለው ፕሮቲን በጨጓራና በቀጭን አንጀት ተሰባብሮ አሚኖ አሲድ ከሆነ በኋላ፣ ወደ ደም ለመግባት የሚቀረው መንገድ ከአንድ ረድፍ ሕዋስ አይበልጥም፤ ነገር ግን የሕዋስ ሽፋን ጠባዩ ቅባት ስለ ሆነ፣ አሚኖ አሲድም ከውሃ እንጂ ከቅባት ጋራ ስለማይስማማ፣ ያችን አጭር መንገድ እንኳ ያለ አሳላፊ ሊሻገራት አይቻለውም። በኩላሊትም ያለው ሥርዓት ይኸው ነው፤ በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ተጣርቶ ወደ ኩላሊት ቱቦዎች ሲወርድ 50 ግራም ያህል አሚኖ አሲድ አብሮት ይወርዳልና፣ ከዚህም ከመቶ 95 እጅ የሚበልጠውን የቱቦው የመጀመሪያ ክፍል ሕዋሳት መልሰው ወደ ደም ባያስገቡት ኖሮ፣ ሰው ከምግቡ ያገኘውን ሲሳይ በሽንቱ ባፈሰሰው ነበር።

ይህ ማሻገር ኃይል የሚሻ ሥራ ነው። ዴንማርካዊው ሊቅ የንስ ስኮ በ1957 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከሸርጣን ነርቭ ያገኘውና በ1997 ለኖቤል ሽልማት ያበቃው ኢንዛይም፣ በደም በኩል ባለው የሕዋሱ ገጽ ሆኖ ሦስት ሶዲየም እያስወጣ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል፤ በዚህም ምክንያት የሕዋሱ ውስጥ ሶዲየም ስለሚያንሰው፣ በውጭ ያለው ሶዲየም ለመግባት ሲጣደፍ ብዙዎቹን አሚኖ አሲዶች አስከትሎ ይገባል። ሮበርት ክሬን በ1960 በፕራግ ጉባኤ ይህን ሐሳብ ያቀረበው ስለ ስኳር ነበር፤ ኋላ ግን ለአሚኖ አሲድም የሚሠራ ሆኖ ተገኘ።

ተፈጥሮ ለሃያው አሚኖ አሲድ ሃያ በር አልከፈተችም። አሲድነት ያላቸው በአንዱ፣ የኤሌክትሪክ ሙል የሌላቸው በሌላው፣ እነላይሲንና አርጊኒን ከሲስቲን ጋራ በሦስተኛው፣ ፕሮሊንና ግላይሲን ደግሞ በሌላ ያልፋሉ፤ ስለዚህ አንዱ በር ሲበላሽ ጉዳቱ ለማኅበርተኞቹ ሁሉ ይተርፋል። በእኔ ግምት ለዚህ ዕውቀት ከቤተ ሙከራው ይልቅ የሕሙማን ሽንት የበለጠ አስተምሯል።

ዊልያም ዎላስተን በ1810 በለንደን ከፊኛ የወጣ እንግዳ ጠጠር መርምሮ ከሌላው የተለየ መሆኑን ገለጸ፤ ዛሬ ሲስቲን የምንለው ይኸው ነው። አርቺባልድ ጋሮድ በ1908 ይህን ጠጠር የሚያመጣውን ሕመም ከትውልድ ከሚመጡ የሥጋ ኬሚስትሪ ጉድለቶች ጋራ ቈጠረው፤ ይሁን እንጂ ጉድለቱ ሲስቲንን በሚያዋሕደው ኬሚስትሪ ሳይሆን በማሻገሪያው መሆኑን ያስረዱት፣ በ1951 ቻርልስ ዴንትና ባልደረባው ናቸው፤ በሕሙማኑ ሽንት ላይሲን፣ አርጊኒንና ኦርኒቲን ከሲስቲን ጋራ በዝተው ሲገኙ፣ በደማቸው ግን ከልኩ አላለፉምና። አራቱም ቢፈሱ ጠጠር የሚሆነው ሲስቲን ብቻ ነው፣ ምክንያቱም በውሃ የመሟሟት ዐቅሙ እጅግ ትንሽ ነው፤ ሽንቱ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ባለ ስድስት ጎን ጠፍጣፋ ቅንጣት መታየቱም ሁነኛ ምልክቱ ነው። በሩ ከሁለት ፕሮቲኖች የተጣመረ መሆኑ፣ አንደኛው ሌላውን ወደ ሽፋኑ የሚያደርስ፣ ሁለተኛው ማሻገሩን የሚፈጽም መሆኑ የታወቀው፣ ጂኖቻቸው በ1994ና በ1999 ከሕመሙ ጋራ ሲዛመዱ ነው።

በ1956 የተገለጸው የሃርትነፕ ሕመም ደግሞ ሙል የሌላቸው አሚኖ አሲዶች የሚያልፉበትን በር ይዘጋል፤ ከእነዚህም ትሪፕቶፋን ሲጎድል ናያሲን የተባለው ቫይታሚን ስለሚያንስ፣ ፀሐይ የሚያገኘው ቆዳ ይቈስላል። ብዙዎቹ ሕመሙ ያለባቸው ሰዎች ግን ጤነኞች ሆነው መኖራቸው የሚያስገርም ነው። ምክንያቱ አንጀት ሁለት ወይም ሦስት አሚኖ አሲድ እንደ ተያያዙ፣ በሶዲየም ሳይሆን በሃይድሮጅን ኃይል የሚቀበልበት ሌላ መንገድ ስላለው ነው፤ ነጠላውን የከለከለው አንጀት ጥንዱን ያሳልፋል። ይህ የሃርትነፕ በር በአንጀት እንዲቆም የሚደግፈው ፕሮቲን፣ የኮቪድ ተሐዋሲ ወደ ሕዋስ ሲገባ የሚይዘው ኤሲኢ2 መሆኑን ስናይ፣ የተፈጥሮ ቍጠባ እስከ ምን እንደሚደርስ እንረዳለን።

የሲስቲን ጠጠር ሕክምና በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ቀን ብቻ ሳይሆን ሌሊትም እየተነሡ መጠጣት ያሻል፣ ሽንቱንም ከአሲድነት የሚያርቅ መድኃኒት ይታከልበታል። ስለዚህ በልጅነቱ ወይም በተደጋጋሚ የኩላሊት ጠጠር ያገኘው ሰው ካለ፣ የወጣው ጠጠር ሳይጣል እንዲመረመርለት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ሲስቲን ሆኖ ከተገኘም እኅት ወንድሞቹ ሽንታቸውን ያስመርምሩ።