ሞተር ከመቆሙ በፊት ይናገራል፦ በበረሃ መንገድ ሊታለፉ የማይገባቸው ምልክቶች

ከሪያድ ወደ መካ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ከ850 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት አለው። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ወራት በዚህ መንገድ ላይ የቀትር ሙቀት ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም።

አንድ አባት ባለቤቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ ለዑምራ ተነሥቷል እንበል። የነጅድ ተጓዦች ኢሕራም ወደሚያደርጉበት ወደ ሰይሉል ከቢር ለመድረስ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው፣ የመኪናው አየር ማቀዝቀዣ ሞቅ ያለ አየር መንፋት ይጀምራል። የሙቀት መለኪያው ቀስትም ዘወትር ከሚቆምበት ከመሐል ተነሥቶ ወደ ቀዩ መስመር ይጠጋል። ልጆቹ ተኝተዋል፤ በአካባቢው ጥላም ሆነ ነዳጅ ማደያ አይታይም። «ትንሽ ነው የቀረው፣ ይደርሳል» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ብዙ ሞተሮች ከጥቅም ውጭ የሚሆኑትም በዚሁ ሐሳብ ነው።

የመኪና ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ኃይል ወደ እንቅስቃሴ የሚለወጠው ሲሶው ያህል ብቻ ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ ከፊሉ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ከፊሉን ደግሞ በሞተሩ ውስጥ የሚዘዋወረው ፈሳሽ ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ያደርሰዋል። ይህ ፈሳሽ ተራ ውሃ ሊሆን አይገባም። ለመኪናው የተመደበው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ከውሃ ይልቅ ዘግይቶ ይፈላል፤ የሞተሩን ብረትም ከዝገት ይጠብቃል። በየጊዜው ውሃ ብቻ እየጨመሩ መንዳት ለጊዜው ያደረሰ ቢመስልም ራዲያተሩን ከውስጥ ይበላዋል።

ቀስቱ ከፍ ካለ አሽከርካሪው አየር ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ የክረምቱን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ይክፈት። ነገሩ እንግዳ ቢመስልም ማሞቂያው ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል። ቀጥሎም ከመንገዱ ዳር በሚገባ ወጥቶ ሞተሩን ያጥፋ። የራዲያተሩን ክዳን ወዲያው መክፈት ፊትንና እጅን ለከባድ ቃጠሎ ይዳርጋል፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ይገባል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም ቴስታታውን ሊሰነጥቀው ይችላል። ቤተሰቡ ከመኪኖች መተላለፊያ ራቅ ብሎ ጥላ ይፈልግ፤ ውሃም ይጠጣ። በሪያድና በመካ ክልሎች የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ የሚጠየቀው በ911 ነው።

ከሙቀት መለኪያው ይልቅ ፈጣን ውሳኔ የሚጠይቀው የዘይት ጣሳ ምስል ያለበት ቀይ መብራት ነው። ይህ መብራት በጉዞ ላይ ከበራ የዘይቱ ግፊት ወድቋል ማለት ነው። ብረት በብረት ላይ ያለ ዘይት ሲፋተግ ሞተሩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊነክስ ስለሚችል እስከ ቀጣዩ ማደያ መንዳት አይቻልም። የሞተር ቅርጽ ያለው ቢጫ መብራት ግን ሁለት ዓይነት መልእክት አለው። ሳያቋርጥ ከበራ በቅርቡ ጋራዥ መሄድ ያስፈልጋል። ብልጭ ድርግም ካለ ግን ነዳጁ በአግባቡ እየተቃጠለ አይደለምና ፍጥነት ቀንሶ መቆም ይገባል።

ጭስም ቋንቋ አለው። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ መሆኑን፣ ጥቁር ጭስ ነዳጅ ከመጠን በላይ እየገባ መሆኑን ያመለክታል። በቀዝቃዛ ጠዋት ለአፍታ የሚታይ ነጭ እንፋሎት አያሳስብም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማያቋርጥና ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ግን የማቀዝቀዣው ፈሳሽ ወደ ሲሊንደሮቹ እየገባ ለመሆኑ ምልክት ነው። በዘይት መለኪያው ብረት ላይ ወተት የተቀላቀለበት ቡና የመሰለ ዘይት ከታየም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቷል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሞተርን ከሚጎዱ ነገሮች አንዱ አሸዋ ነው። የአየር ማጣሪያው ከአሸዋ አውሎ ነፋስ በኋላ ሊታይ ይገባዋል። ብርቱ ሙቀት፣ አቧራና በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ረጅም ቆይታ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ «ከባድ ሁኔታ» ተብለው ስለሚመደቡ፣ ዘይት የሚለወጥበት ጊዜ ከተለመደው ማጠር አለበት። የዘይቱ መጠን የሚለካው መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩም ጠፍቶ ዘይቱ ወደ ታች ከወረደ በኋላ ነው። ዓመታዊውን ፈሕስ ማለፍም እንዲህ ያለውን ሳምንታዊ ክትትል አይተካም።

ጉዳዩ በተለይ የሚነካቸው በቤት ሹፌርነት የሚሠሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን አሉ። የሚነዱት መኪና የአሠሪያቸው ንብረት፣ በእጃቸው ያለ አማና ነው። ሹፌሩ ያልተለመደ ድምፅ ሰምቶ ወይም ከመኪናው ሥር የፈሰሰ ዘይት አይቶ «በእኔ ይላከካል» በሚል ስጋት ዝም ሊል ይችላል። ዝምታው ግን አነስተኛውን ጥገና ወደ ሞተር ለውጥ ያደርሰዋል፤ ያን ጊዜ የሚነሣው የዕዳ ጥያቄም የባሰ ነው። የበራውን መብራት በስልክ ፎቶ አንሥቶ በዚያው ዕለት ለአሠሪው በጽሑፍ መላክ አማናን ይጠብቃል፤ ሹፌሩንም ከክስ ይከላከላል።

ወደዚያ አባት እንመለስ። መኪናውን አቁሞ፣ ቤተሰቡን ጥላ ፍለጋ አውርዶ ቢጠብቅ ጥፋቱ አንድ የተቀደደ የውሃ ጎማ ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ያም በአነስተኛ ዋጋ የሚለወጥ ዕቃ ነው። ሊከስር የሚችለው የጥቂት ሰዓታት መዘግየት ነው። 60ውን ኪሎ ሜትር ልጨርስ ቢል ግን ሞተሩን ያጣል፤ ልጆቹም በቀትር ሙቀት በበረሃ ላይ ይቀራሉ። ዑምራው ማምሻውንም ይደረሳል።