«ባዶ ነው» የተባለው ሽጉጥ፦ በፊልም ቀረጻ ላይ ሰው ሲሞት ተጠያቂው ማን ነው?

በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ኦክቶበር 21 ቀን 2021 ከሰዓት በኋላ፣ ዕውቁ አሜሪካዊ ተዋናይ አሌክ ባልድዊን «ረስት» ለተሰኘው ፊልም ልምምድ ላይ ነበር። ስፍራው በኒው ሜክሲኮ ግዛት ከሳንታ ፌ ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘው የቦናንዛ ክሪክ የቀረጻ መንደር ሲሆን፣ ትዕይንቱም በአንዲት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚከናወን ነበር። ተዋናዩ አሮጌ ሞዴል ሽጉጥ ከአፎቱ መዝዞ ወደ ካሜራው አቅጣጫ እንዲያዞር ይጠበቅበታል። መሣሪያው ባዶ መሆኑ ቀደም ብሎ ተነግሯል።

ሆኖም ሽጉጡ ተኮሰ። አንዲት ጥይት ከካሜራው አጠገብ የቆመችውን የቀረጻ ዳይሬክተር ሃሊና ሃቺንስን በስታ አልፋ፣ ከኋላዋ የነበረውን የፊልሙን ዳይሬክተር ጆኤል ሱዛን ትከሻው ላይ አቆሰለችው። ሱዛ ከጉዳቱ አገገመ። ሃሊና ግን በሄሊኮፕተር ወደ ሆስፒታል ብትወሰድም ሕይወቷን ማትረፍ አልተቻለም። ዕድሜዋ 42 ዓመት ነበር።

ዜናው በሰዓታት ውስጥ ዓለምን ሲያዳርስ በአብዛኛዎቹ ርዕሶች ላይ የቀደመው የተዋናዩ ስም ነበር። ዝነኛ ሰው የተገኘበት አደጋ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ስሙ ከሟቹም ከአደጋው መንስኤም በላይ ይጎላል። በዚህም ምክንያት ሁለት ጥያቄዎች በወሬው መሃል ተውጠው ይቀራሉ። የማስመሰያ መሣሪያ በሚያዝበት ስፍራ ሰው እንዴት ሊሞት ቻለ? ሲሞትስ ሕግ ማንን ይጠይቃል?

ሟቿ ማን ነበረች?

ሃሊና ሃቺንስ በዩክሬን የተወለደችና በአርክቲክ አካባቢ በሚገኝ የሶቪየት ወታደራዊ ሠፈር ያደገች ባለሙያ ነበረች። በኪየቭ ጋዜጠኝነት ካጠናች በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግራ በሎስ አንጀለስ የፊልም ቀረጻ ተምራለች፤ በሙያውም ስሟ ገና መታወቅ ጀምሮ ነበር። ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት የነበረችው ሃሊና፣ እንጀራዋን ፍለጋ ከትውልድ አገሯ ርቃ በምትሠራበት ስፍራ በሥራ ሰዓቷ ነው የሞተችው።

አረር የሌለው ጥይት ይገድላል?

ጉዳዩን ለመረዳት በፊልም ሥራ የሚታወቁትን ሦስት ዓይነት ጥይቶች መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው እውነተኛው ጥይት ነው፤ ቀለህ፣ ባሩድ፣ ከቀለሁ ሥር ያለች ትንሽ አቀጣጣይ እና ከፊት የተሰካ አረር አለው። ሁለተኛው ባሩድና አቀጣጣይ ያለው፣ አረር ግን የሌለው ሲሆን ድምፅና የእሳት ነበልባል ለማሳየት ይተኮሳል። ሦስተኛው የማስመሰያ ጥይት ነው። ከውጭ ሲያዩት አረር አለው፤ ውስጡ ግን ባሩድ የለም። ሽጉጡ በካሜራ ቀርቦ ሲታይ የጎረሰ እንዲመስል ያደርጋል።

ብዙ ሰው አረር የሌለው ጥይት ጉዳት የማያደርስ ይመስለዋል። ይህ ስህተት መሆኑን ወጣቱ ተዋናይ ጆን-ኤሪክ ሄክሰም በሕይወቱ ከፍሎበታል። በኦክቶበር 1984 «ከቨር አፕ» የተሰኘው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሲቀረጽ፣ በሥራ መሃል በተፈጠረ የጥበቃ ጊዜ እየቀለደ አረር አልባ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ጆሮ ግንዱ ላይ ደግኖ ቃታውን ሳበ። ከአፈሙዙ የወጣው የታመቀ ጋዝ የራስ ቅሉን ሰበረው፤ ከስድስት ቀናት በኋላም በ26 ዓመቱ አረፈ። በቅርብ ርቀት ሲተኮስ ጋዙ ራሱ መሣሪያ ነው።

ከዚህ የበለጠ ውስብስብ የሆነው የብራንደን ሊ አሟሟት ነው። የዝነኛው የማርሻል አርት ተዋናይ የብሩስ ሊ ልጅ የሆነው ብራንደን፣ በማርች 31 ቀን 1993 በሰሜን ካሮላይና ግዛት ዊልሚንግተን ከተማ «ዘ ክሮው» የተሰኘውን ፊልም ሲሠራ ተመትቶ በ28 ዓመቱ ሞተ። ለአደጋው መነሻ የሆነው ከቀናት በፊት የተፈጸመ ስህተት ነበር። የማስመሰያ ጥይት ያስፈለጋቸው ሠራተኞች እውነተኛ ጥይት ፈትተው ባሩዱን ካፈሰሱ በኋላ አረሩን መልሰው ሰኩት፤ አቀጣጣይዋን ግን አላወጡም። ሽጉጡ ሲሳብ አቀጣጣይዋ ብቻዋን ፈንድታ አረሩን ከቀለሁ አስወጥታ በርሜሉ ውስጥ ወተፈችው። ይህንን ማንም አላየም። በኋላ ለሌላ ትዕይንት በዚያው ሽጉጥ አረር አልባ ጥይት ሲተኮስ፣ የባሩዱ ኃይል በርሜሉ ውስጥ የተወተፈውን አረር ገፍቶ አስወጣው። ሁለት የማይገድሉ የሚመስሉ ጥይቶች ተደምረው አንድ ገዳይ ጥይት ሆኑ ማለት ነው።

በዚህ አደጋ በማንም ላይ የወንጀል ክስ አልተመሠረተም። ቃታውን የሳበው ተዋናይ ማይክል ማሲ ምንም ጥፋት ባይገኝበትም፣ ከድንጋጤው የተነሳ ለአንድ ዓመት ያህል ከትወና ርቆ ነበር። በርሜሉን አንድ ጊዜ በብርሃን አጮልቆ ማየት ሁለቱንም ሰዎች ይታደግ ነበር።

በ«ረስት» የጥንቃቄው ሰንሰለት የተበጠሰው የት ነው?

ከብራንደን ሊ ሞት በኋላ የፊልሙ ዓለም የጥንቃቄ ደንቦቹን አጠናክሯል። በሆሊውድ የሚሠራበት የደኅንነት መመሪያ እያንዳንዱ መሣሪያ እንደጎረሰ ተቆጥሮ እንዲያዝ ያዛል፤ እውነተኛ ጥይት ወደ ቀረጻ ስፍራ እንዳይገባም ይከለክላል። አሠራሩ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነው። የመሣሪያ ኃላፊው ጥይቱን አንድ በአንድ ፈትሾ ያጎርሳል፤ ረዳት ዳይሬክተሩ በዓይኑ ያረጋግጣል፤ ከዚያም መሣሪያው ባዶ መሆኑ በአካባቢው ላሉት ሁሉ ጮክ ተብሎ ይነገራል። በብዙ የማስመሰያ ጥይቶች ውስጥ ትንሽ የብረት ፍሬ ስለምትቀመጥ ጥይቱ ሲነቀነቅ ይንኳኳል፤ ሌሎቹ ደግሞ ጎናቸው የተበሳ ነው። እውነተኛው ግን አይንኳኳም፤ አይበሳምም። ፍተሻው የሚወስደው ጊዜ ከጥቂት ሰከንዶች አይበልጥም።

በ«ረስት» ቀረጻ ስፍራ መርማሪዎች ገዳይዋን ጨምሮ ስድስት እውነተኛ ጥይቶች ማግኘታቸውን አስታውቀዋል። የመሣሪያ ኃላፊዋ ሃና ጉቲሬዝ-ሪድ በወቅቱ የ24 ዓመት ወጣት ስትሆን፣ ይህንን ኃላፊነት ከቁሳቁስ ረዳትነት ጋር ደርባ ትሠራ ነበር። ረዳት ዳይሬክተሩ ዴቪድ ሆልስም መሣሪያውን በሚገባ አለመፈተሹን በኋላ ለፍርድ ቤት በሰጠው ቃል አምኗል።

ምልክቶች ግን አስቀድመው ታይተው ነበር። አደጋው ከመድረሱ ከቀናት በፊት በዚያው ስፍራ መሣሪያዎች ሳይታሰብ ተኩሰዋል። በአደጋው ዕለት ጠዋት ደግሞ በርካታ የካሜራ ክፍል ሠራተኞች የማደሪያ ሁኔታንና የደኅንነት ጉድለትን ጨምሮ ቅሬታዎችን በማንሳት ሥራ አቁመው ስፍራውን ለቀዋል። ቀረጻው በጎደለ የሰው ኃይል ቀጠለ።

የኒው ሜክሲኮ የሥራ ደኅንነት ቢሮ በኤፕሪል 2022 ባወጣው የምርመራ ውጤት፣ የፊልሙ አስተዳደር የመሣሪያ ጥንቃቄ ደንቦች እየተጣሱ መሆናቸውን እያወቀ እርምጃ አለመውሰዱን ገልጾ፣ በድርጅቱ ላይ 136,793 ዶላር ቅጣት ጣለ። በወቅቱ ሕጉ የሚፈቅደው ከፍተኛው መጠን ይህ ነበር። በኋላ በተደረገ ስምምነት ቅጣቱ ወደ 100,000 ዶላር ዝቅ ብሏል።

ሕግ ማንን ጠየቀ?

ማንም ሰው ሃሊናን ለመግደል አላሰበም። ታዲያ የወንጀል ክስ ከየት መጣ? መልሱ ቸልተኝነት በሚለው ጽንሰ ሐሳብ ውስጥ ይገኛል። አደጋ ሊደርስ እንደሚችል ማወቅ የሚገባው ሰው ተገቢውን ጥንቃቄ ሳያደርግ ሲቀርና በዚህም ሰው ሲሞት፣ የብዙ አገሮች ሕግ ድርጊቱን እንደ ወንጀል ይቆጥረዋል። በኢትዮጵያም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይደነግጋል፤ እንደ ሐኪምና አሽከርካሪ የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ባለበት ሰው ላይም ቅጣቱን ያከብዳል። ኃላፊነት ሲጨምር ተጠያቂነትም ይጨምራል እንደ ማለት ነው።

በ«ረስት» ጉዳይ ዐቃቤ ሕግ እውነተኛዎቹን ጥይቶች ወደ ስፍራው ያመጣችው የመሣሪያ ኃላፊዋ ናት ሲል ተከራክሯል። ጉቲሬዝ-ሪድ በማርች 2024 ባለማሰብ ሰው በመግደል ወንጀል ጥፋተኛ ተብላ የ18 ወራት እስራት ተፈርዶባታል። ሆልስ መሣሪያን በቸልተኝነት በመጠቀም የቀረበበትን ክስ ባለመቃወሙ የስድስት ወር የገደብ ቅጣት ተወስኖበታል።

የባልድዊን ጉዳይ ብዙዎችን ያነጋገረ ነበር። ተዋናዩ ቃታውን አልሳብኩም ሲል፣ የአሜሪካ ፌደራል የምርመራ ቢሮ ባደረገው ፍተሻ ደግሞ ሽጉጡ በደህና ይዞታው ቃታው ሳይሳብ ሊተኩስ እንደማይችል ገልጿል። የተዋንያን ማኅበሩ በበኩሉ መሣሪያን የመፈተሽ ሥራ የባለሙያው እንጂ የተዋናዩ አይደለም የሚል አቋም ይዟል። ባልድዊን ከፊልሙ ፕሮዲዩሰሮችም አንዱ ነበር፤ ሆኖም ዳኛዋ ይህ ሚናው በወንጀል ችሎቱ በማስረጃነት እንዳይቀርብ ወስነዋል።

ጥያቄው ግን የመጨረሻ መልስ አላገኘም። ችሎቱ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን፣ ጁላይ 12 ቀን 2024፣ ከጉዳዩ ጋር ሊያያዙ የሚችሉ ጥይቶች ለፖሊስ ተሰጥተው ሳለ ለተከላካይ ጠበቆች አለመገለጻቸው ታወቀ። ዳኛዋም ክሱ ዳግም ሊቀርብ በማይችልበት ሁኔታ እንዲዘጋ አዘዙ። ይህ ውሳኔ ባልድዊን ጥፋተኛ ነው አላለም፤ ማስረጃው ተመዝኖም ነፃ ነው አላለም። መንግሥት ማስረጃ በመደበቅ ማንንም ሊከስ አይችልም የሚለውን መርህ ነው ያጸናው። በሕግ ፊት ግን ባልድዊን ጥፋተኛ ያልተባለ ሰው ነው።

ኃላፊው ራሱ ወህኒ የወረደበት አጋጣሚም አለ። በፌብሩዋሪ 2014 በጆርጂያ ግዛት «ሚድናይት ራይደር» የተሰኘ ፊልም ሲቀረጽ፣ የፊልሙ ቡድን ከባቡር ድርጅቱ ፈቃድ ሳያገኝ በባቡር ድልድይ ላይ ሥራ ጀመረ። ባቡር ድንገት ደርሶ የ27 ዓመቷን የካሜራ ረዳት ሳራ ጆንስን ገደላት፤ ሌሎችንም አቆሰለ። የፊልሙ ዳይሬክተር ራንዳል ሚለር ጥፋቱን አምኖ ለአንድ ዓመት ያህል ታስሯል።

ከወንጀሉ መንገድ ጎን ለጎን የካሳ መንገድም አለ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ አንባቢያን በስህተት ለጠፋ ሕይወት ለሟች ቤተሰብ የሚከፈለውን የደም ካሳ ያውቃሉ። በአሜሪካ መጠኑ አስቀድሞ በሕግ አልተወሰነም፤ በክርክር ወይም በስምምነት ይቆረጣል። የሃሊና ቤተሰቦች በኦክቶበር 2022 ከፊልሙ ባለቤቶች ጋር ስምምነት ላይ መድረሳቸው ተገልጾ፣ ባለቤቷም የፊልሙ ሥራ አስፈጻሚ ፕሮዲዩሰር ሆኗል። ቀረጻው በ2023 በሞንታና ግዛት ሲቀጥል የሚተኩስ መሣሪያም ሆነ ማንኛውም ዓይነት ጥይት እንደማይኖር ተነግሯል።

ከዝናው ባሻገር

በእነዚህ አደጋዎች ሁሉ አንድ ተመሳሳይ ነገር ይታያል። እያንዳንዱ ሰው ከእርሱ በፊት ያለው ሰው መፈተሹን አምኖ ነበር። መተማመን ለሥራ አስፈላጊ ነው፤ አብሮ የሚሠራ ሰው ሕይወቱን ለባልደረባው አደራ ይሰጣል። አደራው የሚጠበቀው ግን በቃል ብቻ ሳይሆን በፍተሻ ነው።

ይህም በፊልም መንደር ብቻ የሚወሰን አይደለም። «መብራቱ ተቋርጧል»፣ «ገመዱ በደንብ ታስሯል»፣ «መወጣጫው ጠንካራ ነው» የሚሉ ቃላት በየግንባታው ስፍራና በየፋብሪካው በየቀኑ ይሰማሉ። ተናጋሪው ውሸታም ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን እርሱም ከሌላ ሰምቶ ሊሆን ይችላል። ቃሉን የሚያምነው ሠራተኛ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት «በዓይኔ ልየው» ቢል ባልደረባውን መናቁ አይደለም። በ«ረስት» መንደር ይህን ጥያቄ ለማንሳት የሚያስፈልገው ጊዜ፣ ስድስት ጥይቶችን አንድ በአንድ ነቅንቆ ከማዳመጥ አይበልጥም ነበር።

«ረስት» ተጠናቆ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በኖቬምበር 2024 በፖላንድ ቶሩን ከተማ፣ ለፊልም ቀረጻ ባለሙያዎች ክብር በሚዘጋጀው የካሜሪማዥ ፌስቲቫል ላይ ነው። ሃሊና በብርሃንና በጥላ የሣለቻቸው ትዕይንቶች በዚያ ቀርበዋል። የተዋናዩን ስም ዓለም ቀድሞም ያውቀው ነበር። የእርሷን ስም ብዙ ሰው የሰማው ከሞተች በኋላ ቢሆንም፣ አደጋው ሲወሳ አብሮ ሊነሳ የሚገባው ይህ ስም ነው።